ቲክ ያለበትን ልጅ ከክፍል አታስወጡት

ክቡራን ወላጆች፣ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከወላጆቻችሁ ጎን የተቀመጣችሁ ልጆችም ጭምር፤ እንደምን አደራችሁ።

የተጋበዝኩት ቲክ ላለባቸው ልጆችና ታዳጊዎች ስለሚሰጠው የባሕርይ ሕክምና እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁኝ ግን አልደብቃችሁም፤ ዛሬ የመጣሁበት ዋና ጉዳይ የልጆቹ ሳይሆን የእኛ የትልልቆቹ ጠባይ ነው። ባለፈው ጉባኤ ይህንኑ ሳነሳ «ለሚቀጥለው ይደር» ተብሎ ነበር። ይኸው የሚቀጥለው ደርሷል።

ለአዲስ ወላጆች በአጭሩ ልበል። ቲክ ድንገት የሚመጣና የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው፤ ዐይን ማርገብገብ፣ ትከሻ መስበቅ፣ አንገት መወርወር፣ ጉሮሮ መጥረግ። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ይብሳል፤ ከዚያ በኋላ በብዙዎቹ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለትና ከዚያ በላይ የእንቅስቃሴ ቲክ፣ ቢያንስም አንድ የድምፅ ቲክ ኖሮ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ቱሬት ሲንድሮም ይባላል። ስያሜው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ዘጠኝ ሕሙማን ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ከዚያ ወዲህ ከ130 ዓመት በላይ አልፏል፤ እኛ ግን ዛሬም ለልጁ የምንሰጠው መልስ «ተው!» የሚል ነው።

አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ማንበብ ይወዳል፤ ሒሳብ ግን ያስጨንቀዋል። ጉሮሮውን በኃይል ይጠርጋል፤ ሲብስበትም አጭር ጩኸት ያወጣል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ድምፁ ሲወጣ ተማሪዎች ዘወር ይላሉ፤ አንዱ ይስቃል፤ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ «ውጣ፤ ሲተውህ ትመለሳለህ» ይለዋል። ይወጣል። ኮሪደሩ ጸጥ ያለ ነው፤ የሚያየው ሰው የለም፤ ያስጨነቀው ጥያቄም ሰሌዳው ላይ ቀርቷል። ቲኩ ጋብ ይላል። ሲመለስ ዐይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ ድምፁ እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ይወጣል። ቤት ሲገባ ደግሞ እናቱ ድምፁን በሰማች ቁጥር ሥራዋን ጥላ መጥታ ታቅፈዋለች፤ «በቃ፣ የቤት ሥራው ይቅርብህ» ትለዋለች። አባቱ ከሌላ ክፍል «አሁንስ አበዛኸው!» ይላል። እኅቱ ድምፁን ትደግምበታለች። እነዚህ ሁሉ የሚወዱት ሰዎች ናቸው። መምህሩም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሌሎቹ ተማሪዎች ትምህርት አሳስቦት ነው።

ልጁ እያስመሰለ ነበር? በፍጹም! የቲክ መነሻው አንጎል ውስጥ ነው፤ በቤተሰብ የመተላለፍ ዝንባሌም አለው። ነገር ግን አንጎል በዙሪያው ከሚሆነው ይማራል። ቲክ በመጣ ቁጥር ከባዱ ትምህርት የሚቋረጥ፣ በመጣ ቁጥር ቤቱ የሚታወክ ከሆነ፣ ልጁ ሳያስበው ቲኩ እየበረታ ይሄዳል። ቁጣውም እቅፉም ያባብሱታል።

ስለዚህ ሕክምናው የጀመረው ከልጁ ጉሮሮ አልነበረም። ቲኩ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደሚብስና ከእሱ በኋላ ምን እንደሚከተል ተመዘገበ። ከዚያም መምህሩ ድምፁን እንዳልሰማ ሆኖ ማስተማሩን ቀጠለ። እናቱ ልጇን በፈለገች ሰዓት ታቅፈዋለች፤ የቤት ሥራው ግን አይቀርም። በቤት ውስጥ ስለ ቲኩ መቆጣትም ሆነ መቀለድ ቆመ። ልጁም ስለ ሁኔታው ለክፍል ጓደኞቹ ራሱ ፈቅዶ በአጭሩ ነገራቸው።

የእሱ ድርሻ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቲክ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ፣ በተለይ ከፍ ሲሉ፣ ቲኩ ሊመጣ ሲል ማስነጠስ እንደሚቀድመው ያለ ግፊት ይሰማቸዋል። ልጁ ያንን ግፊት ለይቶ ማወቅ ተማረ። ሲሰማውም አፉን ገጥሞ በአፍንጫው ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ወይም ግፊቱ እስኪበርድ። አንገቱን የሚወረውር ልጅ ደግሞ አገጩን ዝቅ አድርጎ የአንገቱን ጡንቻ በዝግታ ያጠብቃል። የዚህ ዘዴ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ በናታን አዝሪንና በባልደረባው ነው። አድካሚ ልምምድ ነው፤ ልጁ ግን ተለማመደው።

እንግዲህ እጠይቃችኋለሁ። የ11 ዓመት ልጅ ከገዛ አካሉ የሚመጣን ግፊት ደቂቃ ሙሉ ታግሦ ማሳለፍ ከቻለ፣ የተማረ ትልቅ ሰው አንድ ድምፅ ሰምቶ ማለፍ እንዴት ያቅተዋል? ልጁ ሥራውን ሠርቷል! የቀረው የእኛ ነው!

«ይህ ነገር ይሠራል ወይ?» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውን ጥናት ልጥቀስለት። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 17 የሆኑ 126 ልጆች ተሳትፈውበታል። በ10 ሳምንት ውስጥ 8 ጊዜ የባሕርይ ሕክምናውን ካገኙት 52.5 በመቶው ጉልህ መሻሻል አሳይተዋል፤ ድጋፍና ትምህርት ብቻ ካገኙት ግን 18.5 በመቶው። ፈውስ አይደለም፤ ሕክምናውን ካገኙት ግማሽ የሚጠጉት በዚያ መጠን አልተሻላቸውም፤ ይህን ለወላጅ መደበቅ ነውር ነው። ሆኖም የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሌሎች የባሕርይ ሕክምናዎችም ከመድኃኒትም አስቀድሞ እንዲታሰብ የመከረው ይህንኑ ነው። «ታፍኖ የቆየ ቲክ በኋላ ብሶ ይፈነዳል» የሚለውን ስጋትም ጥናቶቹ አልደገፉትም።

ስለ መድኃኒት ብዙ አልልም። የሚያስፈልገው ልጅ አለ፤ ክብደት መጨመርና እንቅልፍ ማብዛት ግን ከአንዳንዶቹ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሐኪም ይወስን። ትኩረት ማጣት ወይም ጭንቀት አብሮት ካለ እሱም ይታከም። አሠልጣኝ ባለሙያ በቅርብ ለማያገኝ ቤተሰብ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሕክምናም ውጤት አሳይቷል።

አሁን ወደ መጣሁበት ልመለስ። በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ የሰፈረው የሥነ ሥርዓት ደንብ «በተደጋጋሚ ድምፅ የሚያሰማ ተማሪ ከክፍል እንዲወጣ ይደረጋል» ይላል። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር አቅርቤያለሁ፦ «በቲክ ምክንያት ለሚመጣ ድምፅም ሆነ እንቅስቃሴ ማንም ተማሪ አይወጣም፣ አይቀጣም።» ልጁ ራሱ እረፍት ከጠየቀ ይሰጠዋል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ ከመበተናችን በፊት ድምፅ እንድትሰጡበት እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።