«ላንተ ምን ይመስላል?»

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ ስለ ቀለም ላውራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ቡና ለቀማ ላይ እኛ የበሰለውን ፍሬ ከሩቅ እናየዋለን፤ ቅጠሉ መሀል ቦግ ይላል። እሱ ግን ቅርንጫፉን ወደ ራሱ ይስብና ፍሬውን በጣቱ ጫን ጫን ያደርገዋል። የበሰለው ለስለስ ይላል፣ ጥሬው ድርቅ ያለ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ጥሬ እምብዛም አይገኝም።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን «እስቲ ይሄ ምን ቀለም ነው?» ይሉታል። ሸሚዛቸውን ያሳዩትና ይስቃሉ። በጣም ያናድደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ዓይናችን ውስጥ በስተኋላ፣ ሬቲና በሚባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ላይ፣ ኮን የሚባሉ 6 ሚሊዮን ገደማ ሴሎች አሉ። ብዙዎቻችን ሦስት ዓይነት አለን፤ አንዱ ለአጭር፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለረጅም የብርሃን ሞገድ ይበልጥ ንቁ ነው። አንድ ኮን ብቻውን ቀለም አይለይም። አእምሮ የሦስቱን መልስ አመሳክሮ ነው «ቀይ ነው» የሚለው። እና ቀይነት ፍሬው ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ ግማሹ ሥራ እኛ ውስጥ ነው።

ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚረዱን የመካከለኛውና የረጅሙ ሞገድ ኮኖች ናቸው፤ የእነሱ ጂኖች (ከወላጅ የምንወርሳቸው መመሪያዎች) ኤክስ ክሮሞዞም በሚባለው የጂን ተሸካሚ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው እዚያ ላይ ችግር ካለ ተተኪ የለውም። ሴት ሁለት አላት፤ አንዷ ለሌላዋ ትሸፍናለች። ለዚህ ነው የአውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴ የመለየት ችግር ሲኖርባቸው፣ ከሴቶቹ ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ የሆኑት። የእናታችን ወንድምም እንደ ወንድሜ ነው።

ጆን ዳልተንን ታውቁታላችሁ፤ ኬሚስትሪ ክፍል ከአቶም ጋር ስሙ የሚነሳው እንግሊዛዊ። ሮዝ የሆነች የጄራኒየም አበባ ለእሱ ቀን ቀን ሰማያዊ ነበረች፣ በሻማ ብርሃን ደግሞ ወደ ቀይ ትሄድበታለች። ወንድሙም እንደሱ ነበር የሚያያት። እ.ኤ.አ. በ1794 ማንችስተር ውስጥ ይሄንኑ በምሁራን ፊት አቀረበ። ዓይኔ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ቢሆን ነው ብሎ ገመተ፤ ስሞት አይታችሁ አረጋግጡ አለ። በ1844 ሲሞት ሐኪሙ ፈሳሹን አውጥቶ አየው። ጥርት ያለ ነበር። ከዓይኑ የቀረው ግን ተጠብቆ ኖሮ፣ በ1995 ዲኤንኤው ሲመረመር የመካከለኛው ሞገድ ኮን እንዳልነበረው ታወቀ። ከሞተ ከ150 ዓመት በኋላ!

ዳልተንን የምወደው የሚያየውን ሳያፍር፣ ልክ እንደሚያየው ስለተናገረ ነው። ወንድሜንም «ላንተ ምን ይመስላል?» ስለው ነው ወሬው የሚጥመው። ያኔ ዘና ብሎ ያጫውተኛል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀላቀልበት፣ ምኑን በምን እንደሚለየው።

ሌላም አለ። ሦስቱም ኮን ኖሯቸው አንዱ ትንሽ የተዛነፈባቸው ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ለእኛ ፍጹም አንድ የሚመስሉንን የካኪ ዓይነት ቀለሞች ይለያሉ።

አስተማሪ የሆናችሁ አደራ፣ ሰሌዳ ላይ በቀይና በአረንጓዴ ስትጽፉ አጠገቡ ስሙንም ጻፉበት። ክፍላችሁ ውስጥ አንድ ልጅ ዝም ብሎ እየገመተ ሊሆን ይችላል።