ፉርጎው አስቀድሞ ይሂድ፦ የዓመታዊ ስብሰባችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የሞዴል ባቡር ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም አደረሳችሁ። ፉርጎዎቻችሁን በስፖንጅ ጠቅልላችሁ ከሩቅ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱና የሒሳቡ ጉዳይ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ስለሚቀርብ ወደዚያ አልገባም። የኔ ድርሻ ስለ ዘንድሮው የጋራ ሥራችን መናገር ነው። ሁላችንም የምንገጣጥመው ከአነስተኛ አምራች የወጣ የፕላስቲክ ኪት ነው፤ መጠኑ ኤችኦ፣ ማለትም ከእውነተኛው 1 ለ87። የተመረጠው ፉርጎ የአሜሪካ መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የባቡር ኩባንያዎችን በራሱ እጅ ሲያስተዳድር፣ በ1918 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ለሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲሠራ ያዘዘው ነው። ርዝመቱ 40 ጫማ፣ የመጫን አቅሙ 50 ቶን፣ ሳንቃው ከውስጥ ሆኖ የብረት አጥንቱ ከውጭ የሚታይ። ቲቺ ትሬን ግሩፕን የመሰለ አነስተኛ ድርጅት ይህንን ፉርጎ ስታይሪን በሚባለው ፕላስቲክ አውጥቶታል። አጥንቱ ሁሉ ውጭ ስለሆነ ጠማማ ሥራ የሚደበቅበት ቦታ የለውም፤ የመረጥነውም ለዚሁ ነው።

ከትልልቅ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፉርጎ ዛሬ ዛሬ በአብዛኛው ተገጣጥሞና ቀለም ተቀብቶ ይሸጣል። አነስተኛው አምራች የሚሸጥልን ጥሩ ሻጋታ ነው። መግጠሙ፣ ማክበዱ፣ በሐዲድ ላይ ማስኬዱ የኛ ነው። ታዲያ ብዙዎቻችን ሥራውን ዓይን ከሚስበው ጫፍ እንጀምራለን፤ መሰላሉ፣ የእጅ መያዣው፣ የፍሬን መዘውሩ አምሮ ካለቀ በኋላ ፉርጎው ኩርባ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሥሩን ለማስተካከል ሲገለበጥ ያ ሁሉ ስስ ነገር ይሰበራል። ዛሬ የምሟገትለት ነገር ይኸው ነው፦ ሥራው ከወለሉ ይጀመር፣ ፉርጎው መሄዱ ይረጋገጥ፣ ጌጡ ከዚያ ይከተል።

ሳጥኑ እንደተከፈተ መቁረጫ አይነሣ። መጀመሪያ ክፍሎቹ ከመመሪያው ወረቀት ጋር ይቆጠሩ። የጎደለ ካለ ለአምራቹ ወዲያው መጻፍ ይሻላል፤ በአነስተኛ ድርጅት ቤት አንድ ሻጋታ ከሥራ ከወረደ ተመልሶ እስኪገባ ብዙ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ቀጥሎ ፕላስቲኩ ከነዘንጉ፣ ማለትም ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት ፍሬም ጋር፣ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ይታጠብ። ከሻጋታው እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ሳይታጠብ ከቀረ፣ በኋላ ቀለሙ ይላጣል።

ክፍሎቹ ከዘንጉ ሲለዩ በዘንጉ በኩል አንድ ሚሊሜትር ያህል ተርፎ ይቆረጥ፣ ትርፉ በኋላ በምላጭ ይስተካከል። ተጠግቶ ሲቆረጥ ፕላስቲኩ ይነጣል፣ አንዳንዴም ገጹን ቦጭቆ ይሄዳል። እንደ ፍሬን ዘንግ ላለ ስስ ክፍል አስቀድሞ ዙሪያው ያለው ወፍራም ዘንግ በሁለት ሦስት ቦታ ይበጠስ፤ በውስጡ የታመቀው ውጥረት ሲላላ ስሱ ክፍል ሳይሰበር ይወጣል። እጅና መቁረጫው በሚያሳይ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብተው ቢቆርጡ ደግሞ ተፈናጥሮ የሚጠፋ ነገር አይኖርም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ሥራ ቃል በቃል ይሠራል፤ ልዩነቱ የዚህኛው ፍሳሽ ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ አለመገኘቱ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳዎቹ። የፕላስቲክ ዕቃ ከሻጋታው እንዲላቀቅ ጠርዙ ጥቂት ሰያፍ ሆኖ ይቀረጻል። በዓይን አይታይም፤ ሁለት ግድግዳዎች ማዕዘን ላይ ሲገናኙ ግን ዘጠና ዲግሪ አይሆኑም። ሰያፉ ሳይነሣ ከተጣበቁ ግድግዳው ያዘነብልና ጣሪያው ሲደረብ ክፍተት ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ያየ ጊዜ ኪቱን ያማል። 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግቶ ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ መሳብ ይበቃል። ከዚያ አንድ የጎን ግድግዳና አንድ የጫፍ ግድግዳ በስኳድራ ተደግፈው መስታወቱ ላይ ይጣበቁ፣ ሌሎቹ ሁለቱም እንዲሁ። በማግስቱ ሁለቱ ማዕዘኖች በወለሉ ዙሪያ ይገናኙ። ወለሉ ሳይጣበቅ ውስጡ ይቀመጥ፤ ግድግዳውን ወደ ውጭ ከገፋው የሚሞረደው ወለሉ ነው።

ፈሳሹ ማጣበቂያ ሁለቱን ፕላስቲክ አሟምቶ የሚያዋህድ ስለሆነ አስቀድሞ አይቀባም። ክፍሎቹ ተገጥመው ይያዙ፣ ብሩሹ ከውስጥ በኩል መጋጠሚያውን ይንካ፣ ፈሳሹ ራሱ ተስቦ ይገባል። ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ብዙ ማጣበቂያ ውስጡ ከቀረ ትነቱ መውጫ አጥቶ ቀጭኑን ግድግዳ ያለሰልሰውና ከቀናት በኋላ ጎኑ ይጎብጣል። ወለሉ ላይ፣ ከሥር በማይታይ ቦታ፣ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ቢበሳ ይህ አይደርስም።

ክብደቱን በግምት የምንተው ከሆነ የቀረው ድካም ከንቱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤችኦ የሚመክረው መነሻ 1 አውንስ፣ በዚያ ላይ በፉርጎው ርዝመት በየኢንቹ ግማሽ አውንስ ነው። የኛ ፉርጎ 40 ጫማ ሲሆን በሞዴሉ 5 ኢንች ተኩል ይሆናል፤ ስለዚህ 3.75 አውንስ፣ ማለትም 106 ግራም ገደማ። ፕላስቲኩ ብቻውን ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ የቀረውን የምንሞላው እኛ ነን። ፉርጎው ከነቦጊው (መንኮራኩሮቹን የያዘው ጋሪ)፣ ከነጋንቾው (ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው መንጠቆ) እና ከነጣሪያው ሚዛን ላይ ይውጣ፣ የጎደለው በብረት ይሞላ፣ ብረቱም ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ቦጊዎች አናት ይቀመጥ። መሐል ላይ ከተከመረ ወለሉ ይሰምጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የእርሳስ ብረት ፍንጣሪ በነጭ የእንጨት ኮላ አይጣበቅ። ኮላው ውስጥ ያለው አሲድ ከእርሳሱ ጋር ቀስ እያለ ይዋሐዳል፣ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ከእርሳሱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ፉርጎው ከውስጥ ተነፍቶ ይሰነጠቃል። ያ ከሆነ መድኃኒት የለውም። የብረት ዳዶ ወይም ጠፍጣፋ ብረት በኢፖክሲ ይጣበቅ፤ ከኢፖክሲውም ብዙ አይፈስስ።

ቦጊው የሚታሰርበት ቀዳዳ 2-56 ለሚባለው የአሜሪካ መጠን ብሎን የሚሆን ከሆነ በ1.8 ሚሊሜትር ፑንታ ተበስቶ በጥርስ ማውጫ ጥርስ ይውጣለት። ብሎኑ በግድ ጥርሱን እየፈለቀቀ ከገባ የቦጊ ማረፊያው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሚታየው ደግሞ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ሁለቱ ቦጊዎች እኩል አይጠበቁም። አንደኛው ወደ ግራና ቀኝ ብቻ እንዲዞር፣ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ ሆኖ ጠበቅ ይበል። ሁለተኛው ሩብ ዙር ላላ ብሎ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀስ። በዚህ ዓይነት ፉርጎው በሦስት ነጥብ ያርፋል፣ ሐዲዱ ጎርበጥ ቢልም መንኮራኩሩ አይነሣም። ሁለቱም ከጠበቁ አንዱ መንኮራኩር አየር ላይ ይቀራል፤ ሁለቱም ከላሉ ፉርጎው እንደ ሰካራም ይወላገዳል።

የጋንቾው መሐል ከሐዲዱ አናት 9.9 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ ይሁን። ኬዲ የተባለው የጋንቾ አምራች መለኪያ በእጃችሁ ካለ ለዚህ ነው። ጋንቾው ዝቅ ካለ በቦጊውና በማረፊያው መካከል 0.25 ወይም 0.38 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሮንዴላ ይገባል፤ ከፍ ካለ ማረፊያው ይሞረዳል። ይህ ሁሉ ከመሰላልና ከመያዣ በፊት ይለቅ፣ ፉርጎውም በ18 ኢንች፣ ማለትም 457 ሚሊሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ላይ ወደፊትም ወደ ኋላም ተገፍቶ ይፈተን።

መያዣዎቹ የሚሠሩት ከ0.3 ሚሊሜትር የፎስፈር ብሮንዝ ሽቦ ነው፣ ቀዳዳው ደግሞ በ80 ቁጥር ፑንታ፣ ማለትም በ0.34። ቦታው በመርፌ ጫፍ ተወግቶ ምልክት ይያዝ፤ ያለ ምልክት ፑንታው በሪቬቱ ላይ ይንሸራተታል። መብሻው የእጅ ይሁን፣ ኤሌክትሪኩ ስታይሪኑን ያቀልጠውና ፑንታው ተጣብቆ ይቀራል። ሁለት ሦስት ዙር ይዞር፣ ወጥቶ ይጠረግ፣ እንደገና ይግባ። ፑንታ የሚሰበረው ወደ ታች ተጭነነው ሳይሆን ወደ ጎን ገፍተነው ነው። በእውነተኛው ፉርጎ መያዣው ከግድግዳው ቢያንስ 2 ኢንች መራቅ ነበረበት፤ በኛ መጠን 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ያን ያህል ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ቁራጭ ከመያዣው ሥር ገብቶ ሽቦው በላዩ ተጭኖ ይጣበቅ፣ ቁራጩም ተስቦ ይውጣ። ሁሉም መያዣ እኩል ይቆማል። ሱፐር ግሉው የሚነካው ከውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ ጣሪያው ከዚህ ሥራ በፊት አይደፈን።

ለፍሬኑ መጀመሪያ ዓመቱ ይወሰን፤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ፉርጎው በተወለደ ጊዜ የነበረው ኬ የሚባለው ፍሬን ነው፤ ሲሊንደሩና የአየር ጋኑ ተያይዘው በአንድ ላይ ይቀመጣሉ። ኤቢ የሚባለው ከ1933 ጀምሮ መጣ፤ ሲሊንደሩ፣ ጋኑና ቫልቩ ለየብቻ ናቸው። ኬ ያለበት ፉርጎ ከ1953 በኋላ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ መተላለፍ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ የ1925 ጽሕፈት ለጥፎ ኤቢ መግጠም፣ ወይም የ1956ቱን ከነኬ ማቅረብ ፉርጎዎቻችንን የሚያወዳድሩትን ዳኞች ያስቀይማል። ዋናው የአየር ቧንቧ በእውነተኛው ከነውፍረቱ 42 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ 0.5 ሚሊሜትር ሽቦ ልክ ይመጣል፤ የሚጎትቱት ዘንጎች በ0.3 ይሠሩ። ወደ ቦጊው የሚሄደው ዘንግ ወደ መንኮራኩሩ ቀርቦ እንዳይቆም። ቀጥታ መንገድ ላይ ምንም አይመስልም፤ ኩርባ ላይ ግን መንኮራኩሩ ነክቶት ፉርጎውን ከሐዲድ ያወርዳል። ስለዚህ ፍሬኑ ሲያልቅ የኩርባው ፈተና ይደገም።

ስለ ቀለም ነገ የሚናገሩ ስላሉ አላበዛም። ዴልሪን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ቦጊ ለፈሳሽ ማጣበቂያም ለቀለምም እጁን እንደማይሰጥ ብቻ አስታውሱ፤ ተፍቆና ታጥቦ ሥር ቀለም ይፈልጋል። ዲካል፣ ማለትም በውኃ ተነክሮ የሚለጠፈው ጽሕፈት፣ ደብዛዛ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ይዞ ብር መስሎ ያበራል፤ መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባ። በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን መስመር ተከትሎ ዲካሉ በአዲስ ምላጭ ይቆረጥና የዲካል ማለስለሻው ፈሳሽ ይነካ።

በየዓመቱ ስለ አዲስ አበባና ጅቡቲ መስመር የሚጠይቁ አሉና በዚሁ ልመልስ። በ1917 በአውሮፓ አቆጣጠር አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ1 ለ87 ሲከፈል 11.5 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ገበያ ላይ ያለው ኤችኦኤም የሚባለው ሐዲድ 12 ነው። በዚህ ዓመት ኪት ሥር ያለው ባለ 16.5 ሚሊሜትር ቦጊ ለእርሱ አይሆንም። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1435 ሚሊሜትር ስለሆነ በ16.5ቱ ሐዲድ እንዳለ ይሄዳል።

የዛሬውን ውሎ በተመለከተ፣ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ የግራም ሚዛን፣ የጋንቾ መለኪያና የ457 ሚሊሜትር ኩርባ ተዘጋጅቷል። የሥራ አስፈፃሚው ኮሚቴ ለድምፅ የሚያቀርበው ሐሳብ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ በዚያ ጠረጴዛ ያላለፈ ፉርጎ ወደ ዳኞች እንዳይሄድ ነው። ሚዛኑ ላይ ከ106 ግራም በላይም ሆነ በታች እስከ 5 ግራም የሚደርስ ልዩነት ይታለፋል፤ በጋንቾው ከፍታ ግን ይሉኝታ የለም። የምትቃወሙ ካላችሁ ከሻይ በኋላ ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ጊዜ ተመድቧል። ሮንዴላና 80 ቁጥር ፑንታ ያለቀባችሁ ከገንዘብ ያዧ ዘንድ በዋጋው ታገኛላችሁ።

ስብሰባችን በዚሁ መከፈቱን አስታውቃለሁ። ቁጥር 1 የተሰጣችሁ ፉርጎዎቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሚዛኑ ቅረቡ።