ከወሎ ወደ ውጭ ለትምህርት፦ ከሻንጣው በፊት ፊደሉ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተዘረጉ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት]

መሐመድ የሚለውን ስም በአማርኛ ስንጽፍ የሚያጣላን ነገር የለም። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆን ግን ትምህርት ቤቱ መሃሉን በአንድ ‹ኤም› ያሳልፈዋል፣ ፓስፖርቱ በሁለት። ሰይድ፣ ሁሴን፣ የሱፍም እንደዚያው። ወሎ ውስጥ ደግሞ ከእነዚህ ስሞች አንዱ ያልገባበት ዘር ማንዘር ማግኘት ከባድ ነው። የቪዛ ሠራተኛ ፊደል ይቆጥራል፤ አንድ ፊደል ከተለየ ለእሱ ሁለት ሰው ነው።

ስለዚህ ሻንጣ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስቱን ወረቀት፣ ማለት ፓስፖርቱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን አቀራርባችሁ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ፊደል በፊደል እየነካችሁ አመሳክሩ። ፓስፖርት ገና ያላወጣችሁ አብሽሩ፦ ማመልከቻውን በትምህርት ማስረጃው አጻጻፍ ሙሉት፣ አለቀ።

[ምስል፦ የፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ፣ ቀረብ ብሎ]

የውጭ ፎርም ‹የቤተሰብ ስም› ሲላችሁ በግምት የአባት ስም አትጻፉ። ከፎቶው ሥር ሁለት መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ፣ ሁለት ተከታታይ የቀስት ምልክት (<<) እስኪመጣ ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከምልክቱ ወዲያ ያለው የራሳችሁ። ዩኒቨርሲቲው፣ ኤምባሲውና ትኬቱ ጋ ይኸው አጻጻፍ ሳይለወጥ ይግባ።

የልደት ቀን ሌላው ጣጣ ነው። ‹7 ወይም 8 ጨምር› ብቻውን አይበቃም። ጥቅምት 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጁ ኦክቶበር 16 ቀን 2007 ነው፤ በዚያው ዓመት ጥር 5 የተወለደው ደግሞ ጃንዋሪ 14 ቀን 2008። ኦክቶበር 15 ብሎ የሚሞላ ብዙ ነው፤ የ1999 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች መስከረም በአንድ ቀን ዘግይታ መግባቷን ይረሳል። ፓስፖርቱና ሰርተፍኬቱ በአንድ ቀን ከተስማሙ ግን ያው ቀን በሁሉም ፎርም ይቀጥል።

[ምስል፦ የደሴ ጎዳና፣ የጦሳ ተራራ ከበስተጀርባ]

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተመረቀ ሰው ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይዘጋ አይሰጥም። የምታመለክቱበት ተቋም ቴምፖራሪውን (ጊዜያዊ ዲግሪውን) ይቀበል እንደሆነ ቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱንም አትሙት።

ኤምባሲዎቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። በክረምት ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ መኪና ይዘገያል፤ ለጠዋት ቀጠሮ በዋዜማው ሌሊት መነሳት ራስን ማታለል ነው። አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ውክልና ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ለወላጅ ወይም ለወንድም ውክልና ስጡ፤ ‹ትራንስክሪፕትና ዲግሪ ተቀብሎ መፈረም› የሚለው በግልጽ ይጻፍበት። ‹ጉዳዬን ሁሉ› የሚል ጥቅል ቃል ሬጅስትራር መስኮት ላይ ይመለሳል። ውጭ ሆናችሁ ለማድረግ ከፈለጋችሁ በኤምባሲ በኩል ነው የሚዞረው።

የባንክ መተግበሪያችሁ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው በኢትዮጵያ ሲም ነው። ሲሙን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሮሚንግ ከመነሳታችሁ በፊት እዚሁ ይከፈት።

ቢጫ ካርድ፦ ሕንድ፣ ቻይናና ማሌዥያ ከእኛ አገር የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ክትባቱ የሚታወቅለት ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። እንግሊዝ ከ6 ወር በላይ ለመቆየት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ትጠይቃለች፤ የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው 6 ወር ብቻ ስለሆነ ቸኩላችሁ አታሠሩት።

[ምስል፦ ወለል ላይ የተከፈተ ሻንጣ፣ ዙሪያውን ፌስታሎች]

አሁን ወደ እናት ጓዳ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ አያስገቡም፤ ንጥር ቅቤና ቋንጣ ጉምሩክ ላይ ይወሰዳሉ፣ በቅቤ የታሸ በሶም ያው ነው። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ያልፋል። በርበሬ፣ ሽሮና ደረቅ በሶ ያዙ፤ በርበሬው ከመታሸጉ በፊት ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥበት ካለው ይሻግታል። አንድ ፌስታል ይቀደዳል፤ በሁለት አሽጉና ከልብስ ለይታችሁ አስቀምጡት። ዱቄት ነገር በእጅ ሻንጣ አይግባ፤ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር ያለፈ ዱቄት ተጨማሪ ፍተሻ አለበት። ጫት አንዲት ቅጠልም አትቅር፣ እንግሊዝም አሜሪካም ወንጀል ነው። የልጅ ኮት ኪስ ሳይቀር ይራገፍ።

ወረቀቱ ሁሉ በእጅ ሻንጣ ይሆናል፤ ቅጂው በኢሜይል።

ብዙ ትኬት ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ይፈቅዳል። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ላይ ከመፍታት እዚሁ ሰፈር እህል ቤት ሚዛን ላይ ጫኑት። 21 ላይ አቁሙ፤ በመጨረሻዋ ሌሊት እናት አንድ ነገር መጨመሯ አይቀርም።