የሰፈር ሲኒማ ቤቶች ዕጣ፦ ተራው ሲቀር የተረፈው ቅርበት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሲኒማ ቤት ባለቤቶችና ሠራተኞች፣ የፊልም ባለሙያዎች፣ የከተማ ፕላን አውጪዎች፤

ስለ አሮጌ የሰፈር ሲኒማ ቤቶች ሲነሳ ወሬው በሐዘን ይጀምርና በሐዘን ያልቃል። ቴሌቪዥን ገደላቸው፣ ከቴሌቪዥን የተረፉትን ቪዲዮ፣ ከቪዲዮ የተረፉትን ደግሞ ኢንተርኔት ጨረሳቸው ይባላል። አባባሉ እውነትነት የለውም አልልም፤ ነገር ግን ነገሩን ሁሉ በማሽን ላይ ስለሚያላክክ የሰው ውሳኔ የነበረውን ድርሻ ይሸፍንብናል። እኔ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው እነዚህ ቤቶች በሁለት ነገሮች ይኖሩ እንደነበር ነው፤ አንደኛው አዲስ ፊልም ወደ ሰፈር እስኪወርድ ተራ መጠበቅ፣ ሁለተኛው ለሰፈሩ ሰው ያላቸው ቅርበት። ተራው ላይመለስ ሄዷል። ቅርበቱ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ እነሱን ለማቆየት የምናደርገው ጥረትም በእሱ ላይ መቆም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲኒማ ሲወለድ የራሱ ቤት አልነበረውም። የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1895 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ፊልሞቻቸውን ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች ያሳዩት በአንድ ካፌ ምድር ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ ፊልም በየባዛሩና በየድንኳኑ ሲዞር ቆይቶ፣ በ1905 በአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ አንድ የሱቅ ክፍል በአምስት ሳንቲም መግቢያ ወደ ፊልም ማሳያነት ተለወጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም በሠራተኛ ሰፈሮች ውስጥ ይህን የመሰሉ ትናንሽ ማሳያዎች በሺዎች ተከፈቱ። የሰፈር ሲኒማ ቤት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከእነዚህ እንጂ ኋላ ከተሠሩት ባለ ወርቅ ቅብ አዳራሾች አይደለም።

ለቤቶቹ ቅርጽ የሰጠው ደግሞ እሳት ነው። የዘመኑ ፊልም የሚሠራው በቀላሉ ከሚቀጣጠል ናይትሬት ነበር። በ1897 ፓሪስ ውስጥ በአንድ የበጎ አድራጎት ባዛር ከፊልም ማሳያው መብራት የተነሳ ቃጠሎ ከ120 በላይ ሰዎችን ፈጀ። በ1909 የወጣው የብሪታንያ ሕግም ፕሮጀክተሩ እሳት በማይበግረው የተለየ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ አስገደደ። በአሮጌ አዳራሾች የኋላ ግድግዳ ላይ ከፍ ብለው የሚታዩት ትናንሽ መስኮቶችና ከኋላቸው ያለው ወፍራም ግድግዳ የዚያ ሥጋት አሻራ ናቸው። ይህን የማነሳው ቤቱ ለአንድ ሥራ ብቻ ታስቦ መሠራቱን ለማሳየት ነው፤ ወደ መጋረጃው የሚያዘቀዝቀው ወለል፣ መስኮት አልባው ግድግዳ፣ በጀርባ በኩል ያለው የማሳያ ክፍል፣ ሁሉም ለዚያ ሥራ የተሰናዱ ናቸው።

ወደ ተራው ልመለስ። በሲኒማ የደመቀው ዘመን አዲስ ፊልም በየቦታው በአንድ ቀን አይወጣም ነበር። መጀመሪያ በመሀል ከተማ ትልልቅ ቤቶች በውድ ዋጋ ይታያል፤ ከሳምንታት በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ቤቶች ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ያው ቅጂ በብዙ ማሽን ውስጥ አልፎ፣ ተጫጭሮና በየቦታው ተቆርጦ ተቀጥሎ፣ በርካሽ ዋጋ ሰፈር ይደርሳል። የሰፈሩ ሲኒማ ቤትም ፊልሙን በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እየለወጠ፣ አንዳንዴም ሁለት ፊልም በአንድ ትኬት እያሳየ፣ ያንኑ ደንበኛ ደጋግሞ ያስገባል። ሰዉ የሚጠብቀው ጠብቆ ስለሚያገኝ ነበር፤ ካመለጠውም መቼ እንደገና እንደሚያየው አያውቅም።

የዚያን ጊዜውን ሥራ ለማያውቁ ወጣቶች ስል ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ልቆይ። አንድ ጥቅል ፊልም ወደ 600 ሜትር ይጠጋል፤ የሚዘልቀውም ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል በምስሉ የቀኝ ላይኛ ጥግ አንዲት ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ ኦፕሬተሩ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ያስነሳል። ሰባት ሰከንድ ያህል ቆይታ ሁለተኛዋ ነጥብ ስትመጣ ብርሃኑን ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ምንም ሳያስተውል ታሪኩ ይቀጥላል። በመሀሉ ብርሃን የሚሰጡት የካርቦን ዘንጎች እየነደዱ ስለሚያጥሩ እነሱንም ማስተካከል አለበት። እንዲህ ያለው ሥራ ዓይን የማይነቀልበት ነበርና ለአንድ አዳራሽ ቢያንስ አንድ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ለረጅም ሰዓት የሚበራው የዜኖን መብራትና ጥቅሎቹ ተቀጥለው ሙሉውን ፊልም በአንድ ላይ የሚይዘው አግድም ሳህን ሲመጡ ግን አንድ ሰው የብዙ አዳራሾችን ማሽኖች እየተዘዋወረ መቆጣጠር ቻለ። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ አዳራሽ የሚይዙትን ማልቲፕሌክሶች አዋጭ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ስለ ሲኒማ ቤቶች ውድቀት ሲወራ ግን እምብዛም አይነሳም።

ውድቀቱ የጀመረው ከቴሌቪዥን በፊት ነው። የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ተመልካች ከ1946 ከፍታው መቀነስ የጀመረው ወዲያው በ1947 ሲሆን፣ ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት እጅግ ጥቂት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያገቡ ወጣቶች ልጅ ወልደው ከከተማ ወጣ ወዳሉ አዳዲስ መኖሪያዎች መኪና ይዘው ሲሄዱ፣ ሲኒማ ቤቱ በነበረበት ቀረ። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓራማውንትና በሌሎች ኩባንያዎች ላይ የሰጠው ውሳኔ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የሲኒማ ቤት ሰንሰለቶቻቸውን እንዲለቁ መንገድ ከፈተ። ውሳኔው ፍትሐዊ ነበር። ይሁንና የራሳቸውን አዳራሾች የመሙላት ግዴታ የቀረላቸው ስቱዲዮዎች የሚሠሩትን ፊልም ቁጥር ሲቀንሱ፣ በሳምንት ብዙ ፊልም የሚፈልገው የሰፈር ቤት ቀድሞ ተራበ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን ደረሰ። በብሪታንያ በ1946 ከ1.6 ቢሊዮን በላይ የነበረው የትኬት ብዛት በ1984 ወደ 54 ሚሊዮን ወረደ፤ በርካታ አዳራሾችም የቢንጎ መጫወቻ፣ የዕቃ መጋዘን ወይም የጸሎት ቤት ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት በ1985 በእንግሊዟ ሚልተን ኪንስ ከተማ አሥር አዳራሾች ያሉት ማልቲፕሌክስ ሲከፈት ተመልካቹ መመለስ ጀመረ፤ የተመለሰው ግን መኪና ማቆሚያ ወዳለበት እንጂ ወደ ሰፈሩ ቤት አልነበረም።

ተራው ራሱ የሞተው በሁለት በኩል ነው። አከፋፋዮች አንድን ፊልም በአንድ ቀን በብዙ መቶዎች፣ በኋላም በሺዎች በሚቆጠሩ አዳራሾች ማውጣት ሲለምዱ ለሰፈር የሚወርድ ትርፍ ጊዜ ጠፋ። ከወራት በኋላ ደግሞ ቪዲዮው ይወጣል፤ ያ የወራት ልዩነት እያጠረ ሄዶ ከ2020 ወረርሽኝ ወዲህ ለብዙ ፊልሞች ወደ 45 ቀንና ከዚያም በታች ወርዷል። በመሀሉ ዲጂታል ማሳያ መጣ። የአሜሪካ ስቱዲዮዎች የጋራ መስፈርታቸውን በ2005 አወጡ፤ ከአሥር ዓመት ባልበለጠ ጊዜም በጥቅል የሚመጣው የፊልም ቅጂ ከገበያ ጠፋ ማለት ይቻላል። አንድ ዲጂታል ፕሮጀክተር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈልግ ነበርና፣ ብዙ ቤቶች የተዘጉት ተመልካች አጥተው ሳይሆን ማሽኑን መግዛት አቅቷቸው ነው።

ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? ከቤት ወጥቶ በእግር የሚደረስበት፣ ለልጅ፣ ለአዛውንት፣ መኪና ለሌለው ሰው ቅርብ የሆነ፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አብሮ የሚስቅበት ቤት ነው የቀረው። ይህን ማልቲፕሌክስም የቤት ስክሪንም አይሰጥም።

እዚህ ላይ ሕንፃን ማዳንና ሲኒማ ቤትን ማዳን የተለያዩ መሆናቸውን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በ1919 በቦነስ አይረስ የተከፈተው ግራንድ ስፕሌንዲድ ከ2000 ጀምሮ የመጽሐፍ መደብር ነው። ጣሪያው፣ ሰገነቱ፣ የመድረክ መጋረጃው በክብር ተጠብቀዋል፤ እኔም ከመፍረሱ ይህ እጅግ ይሻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን ፊልም አይታይበትም። በደቡብ ፈረንሳይ ላ ሲዮታ የሚገኘው ኤደን ግን ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2013 ታድሶ ሲከፈት የተከፈተው ፊልም ለማሳየት ነው። የፈረንሳይ ነገር በአጋጣሚ አይደለም፤ አገሪቱ ከእያንዳንዱ የሲኒማ ትኬት ላይ ከመቶ 10.72 ቀረጥ ትሰበስባለች፤ ከዚህም ከፊሉ አዳራሽ ለማደስና መሣሪያ ለመለወጥ ወደ ሲኒማ ቤቶቹ ይመለሳል። ዛሬ በፈረንሳይ 2,000 ያህል ሲኒማ ቤቶች አሉ፤ ብዙዎቹ በትናንሽ ከተሞች ያሉ፣ አንድ ወይም ሁለት አዳራሽ ብቻ ያላቸው ናቸው።

ስለዚህ ለፕላን አውጪዎች የማቀርበው ጥያቄ አሮጌ ሲኒማ ቤት ለሌላ አገልግሎት ሲፈቀድ የሚያዘቀዝቀው ወለል እንዳይደለደል፣ አዳራሹ በማይነሳ ግድግዳ እንዳይከፋፈል፣ የማሳያ ክፍሉም እንዳይፈርስ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ካሉ ቤቱ ነገ ተመልሶ ሲኒማ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ከሌሉ የፊቱ ገጽታ ብቻውን ምንም አይረባም። ለባለቤቶች የምለው የአከፋፋይን አዲስ ፊልም ብቻ እየጠበቃችሁ አትኑሩ ነው፤ ጠዋት ለልጆች፣ ከሰዓት ለአዛውንት፣ ማታ የቆዩ ፊልሞችን ለሚወዱ አዳራሻችሁን ክፈቱ።

ከሁሉ በላይ የከበደኝን ጥያቄ ለአከፋፋዮች አቆይቻለሁ። አንድ አዲስ ፊልም ለማግኘት የሲኒማ ቤቱን መጋረጃ በቀን ሙሉ፣ ለሳምንታት፣ ለዚያ ፊልም ብቻ መስጠት ግዴታ የሚሆንበት ውል አለ። አሥር አዳራሽ ላለው ቤት ይህ ከአሥር አንዱን መስጠት ነው፤ አንድ አዳራሽ ብቻ ላለው ግን ቤቱን በሙሉ ማስረከብ ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት ባዶ ወንበር ፊት ፊልም ያጫውታል፣ ሊያስገባው ይችል የነበረውን የሰፈሩን ሰው ደግሞ በር ላይ ይመልሳል። ባለ አንድ አዳራሽ ቤቶች ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሰዓታቸውን ለሌሎች ፊልሞች እንዲያካፍሉ በውላችሁ ውስጥ እንድትፈቅዱላቸው፣ እዚህ ባላችሁት ሁሉ ፊት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።