ወንዝ ስንገባ ሦስተኛ እግር ይኑረን
በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የዓሣ ማጥመጃው ወቅት ከመግባቱ በፊት ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ዓሣ አጥማጆችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። የቅዳሜ ምሽታችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ መምጣታችሁ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል፤ የምናገረው ለእነሱም ጭምር ነው።

ኤፕሪል ደርሷል። ሻድ የሚባለው ዓሣ ከባሕር ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። ፍሌቸርስ ኮቭ የሚባለው የወንዝ ዳር ማጥመጃ ጋ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል። ክር የቀየረ ቀይሯል፤ መንጠቆ የገዛ ገዝቷል። ዛሬ የምለምናችሁ ለአንድ ተጨማሪ ነገር እንድትዘጋጁ ነው። ለመውደቅ ተዘጋጁ።

ሊዋኝ የመጣ ሰው ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል። ልብሱን ያወልቃል፤ ጥልቀቱን ያያል። ዓሣ አጥማጅ ግን ጃኬቱን ለብሶ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሎ ድንጋይ ላይ ይቆማል። መውደቅ ሐሳቡ ውስጥ የለም። ግሬት ፎልስ የሚባለው የፖቶማክ ፏፏቴ አካባቢ የፓርክ ጠባቂዎቹ ሁሌ የሚያስጠነቅቁት ይህንን ነው። እዚያ ውሃ ከበላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ለዋና የገቡ አልነበሩም። ዳር ዳሩን ሲሄዱ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ሲዘሉ ያዳለጣቸው ናቸው። ከእኛ መካከል ደግሞ ዋና ሳይማር ያደገው ብዙ ነው። ደጋ ላይ ያደገ ልጅ ዋና የት ይማራል? ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ግን መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ስለማይገባባቸው ቦታዎች ልናገር። ፖቶማክ ግሬት ፎልስ ላይ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 23 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ማዘር በሚባለው ጠባብ ገደል ውስጥ ይጨመቃል። ከላይ ስታዩት አንዳንዱ ቦታ ጸጥ ያለ ይመስላል። ከስር ግን ድንጋዩ ውሃውን ያሽከረክረዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ቦታ ነው። እዚያ መዋኘትም በእግር መግባትም የተከለከለ ነው። ዱላ ይዣለሁ ብሎ የሚገባ እንዳይኖር።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ሊትል ፎልስ አጠገብ ብሩክሞንት የሚባለው ግድብ አለ። አጭር ግድብ ነው፤ ለዓይን አያስፈራም። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። በግድቡ አናት ላይ የሚወርደው ውሃ ከስር ዞሮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰው ከገባበት እየጠቀለለ ደጋግሞ ወደ ግድቡ ይስበዋል። ጠንካራ ዋናተኛም ላይፍ ጃኬት የለበሰም ከዚያ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። በላይም በታችም አትጠጉት።

በእግር ገብተን የምናጠምድባቸው ወንዞች ሌሎች ናቸው። ብዙዎቻችሁ ጋንፓውደርን ታውቁታላችሁ። ከፕሪቲቦይ ግድብ ስር የሚለቀቀው ውሃ ከጥልቁ ስለሚመጣ ሐምሌ ላይ እንኳ ይቀዘቅዛል። ትራውት የሚባለው ዓሣም የሚኖረው ለዚህ ነው። ዱላ የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ገጠር ያደጋችሁ ይህን ከእኔ መስማት አያስፈልጋችሁም ነበር። ወንዝ በሞላ ጊዜ አባቶቻችን ዱላቸውን ከፊት እያስቀደሙ፣ ጥልቀቱን እየለኩ ነው የተሻገሩት። እዚህ አገር ስንመጣ ግን ወጣቱ ዱላ መያዝ ያፍራል። የሽማግሌ ይመስለዋል። እዚህ ትራውት የሚያጠምዱ የቆዩ ሰዎችን እስኪ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ወገባቸው ላይ ዱላ አስረዋል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ የሚታጠፍና የማይታጠፍ ዱላ ይሸጣል።

እኔ የማይታጠፈውን እመርጣለሁ። የሚታጠፈው ለመሸከም ይቀላል፤ ግን ጭቃ ውስጥ ሲሰካ መገጣጠሚያው ሊለቅ ይችላል፤ አሸዋ ሲገባበትም አልታጠፍ ይላል። እሱን የያዘ ሰው ከወንዝ በተመለሰ ቁጥር ይጠበው፣ ያድርቀው፣ የውስጥ ገመዱንም ያረጋግጥ። ጠንካራ ቀጥ ያለ እንጨት ያገኘ ሰው ምንም መግዛት የለበትም። ቁመቱ ከብብታችሁ ትንሽ ዝቅ የሚል ይሁን፤ ግማሹ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ አጭር ዱላ ያጎነብሳችኋል። ቤት ውስጥ ሙሉ ክብደታችሁን ጣሉበት። እዚያ ከጎበጠ ወንዝ ውስጥ ይሰበራል። ዱላውን በገመድ ከቀበቷችሁ ጋር እሰሩት፤ ዓሣ ሲይዝላችሁ ሁለት እጅ ያስፈልጋችኋላ። ማሰሪያው ግን በአንድ መሳብ የሚለቅ መሆን አለበት። ዱላው ድንጋይ መሃል ተሰክቶ እናንተን አስሮ እንዳያስቀር።

አሁን አካሄዱ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጎርባጣ ወለል ላይም አይወዛወዝም። ወንዝ ውስጥም ነገሩ ያው ነው፤ ሁለት እግርና አንድ ዱላ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው። ዱላው ይቀድማል። ውሃው በሚመጣበት በኩል ትተክሉትና ትደገፉበታላችሁ። አንዳንዶች ውሃው በሚሄድበት በኩል ይያዝ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ከታች ተክላችሁ ዱላው ቢንሸራተት ውሃው ከኋላ እየገፋችሁ በላዩ ላይ ነው የምትወድቁት። ዱላው ከያዘ አንድ እግር ትወስዳላችሁ። እግሩ መሬት ከቆነጠጠ ሌላውን። እግር አይነባበርም፤ አይዘለልም፤ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ትልቅ ድንጋይ ላይ አትውጡ፤ በጎኑ እለፉ። ለውሃው ጎናችሁን ስጡት፤ ጀርባችሁን አትስጡት። መመለስ ስትፈልጉም ፊታችሁን ወደሚመጣው ውሃ አዙራችሁ ዙሩ።

ዱላው ደግሞ ከመደገፊያነቱ በላይ መጠየቂያ ነው። እግራችሁ ከመሄዱ በፊት ጉድጓዱን ያገኘዋል። ዱላው ታቹን ካጣ እግራችሁ አይሄድም። እጃችሁ ላይ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ፣ ተክላችሁት ውሃው ከነቀለው፣ መልሱን ሰጥቷችኋል፤ ተመለሱ። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። «ትንሽ ብቻ ነው የበረታው» የምንለው ውሃ የሚጥለን ለዚህ ነው። ጥልቀቱም እንደዚያው። ውሃው ወገብ ከደረሰ ሰውነታችሁን ያነሳዋል፤ ጫማችሁ መሬት መያዝ ያቆማል። ለሚፈስ ውሃ የእኔ ወሰን ጉልበት ነው። ረጋ ላለው ከጭን አይለፍ።

ስለ ጫማ ባጭሩ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ከስሩ ፌልት፣ ማለት የተጠቀጠቀ ሱፍ መሰል ጨርቅ፣ ያለው ጫማ ወንዝ ውስጥ እንዳይደረግ ከልክላለች። ዲዲሞ የሚባል ወራሪ አልጌ በእርጥብ ፌልት ተጣብቆ ከወንዝ ወንዝ ስለሚዛመት ነው። ጎማ ሶል ላይ የብረት ጥርስ ያለው ግዙ። ድንጋዩን በውሃው ውስጥ ለማየት ፖላራይዝድ መነጽር አድርጉ።

ዌደር፣ ማለት ያ እስከ ደረት የሚደርሰው ውሃ የማያስገባ ሱሪ፣ ብዙ ሰው ያስፈራዋል። «ውሃ ከሞላው ወደ ታች ይጎትታል» ይባላል። እውነት አይደለም። ውሃ ውስጥ ያለ ውሃ አይከብድም። የሚከብደው ዳር ደርሳችሁ ልትወጡ ስትሉ ነው፤ መዋኘትንም ያዘገያል። መፍትሔው ቀበቶ ነው። ወገብ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ ቀበቶ የውሃውን አገባብ ያዘገያል፤ ውስጥ ያለውንም አየር ይይዛል። ያለ ቀበቶ ዌደር አትልበሱ።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር፤ ልጆችም አዳምጡኝ። ወደቃችሁ እንበል። ውሃው ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ኤፕሪል ላይ ደግሞ አየሩ ሞቆ ውሃው እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው፣ ሰውነታችሁ ይደነግጣል። ሳትፈልጉ አየር ትስባላችሁ። በዚያች ቅጽበት አፋችሁ ውሃ ውስጥ ካለ ውሃ ትስባላችሁ። የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ሥራ መተንፈስ ነው። ድንጋጤው ያልፋል። ከዚያ እጅና እግራችሁ የሚታዘዛችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው።

የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ልቀቁት። ስንት እንዳወጣችሁበት አውቃለሁ፤ ልቀቁት። በጀርባችሁ ተኙ። እግራችሁን ውሃው ወደሚሄድበት አድርጉ፤ የእግር ጣታችሁ ከውሃው በላይ ይታይ። ድንጋይ ከመጣ በእግር ግፉት። በእጃችሁ እየቀዘፋችሁ በሰያፍ ወደ ዳር ሂዱ። ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ። እግር ድንጋይ መሃል ከተሰነቀረ ውሃው ከላይ ይደፋችኋል፤ ጥልቀቱ ከወገብ ባይበልጥም ሰው የሚሰጥመው እንዲህ ነው። ውሃው ከጉልበት ሲያንስ ያኔ ተነሱ። አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ከፊታችሁ የወደቀ ዛፍ ካለና ማምለጥ ካልቻላችሁ ዙሩ፤ በደረታችሁ ሆናችሁ ወደ ዛፉ ዋኙና በላዩ ውጡ። በቅርንጫፎቹ ስር መግባት የለም።

ወዳጃችሁ ቢወድቅ ዘላችሁ አትግቡ። ይህ ከባድ ነው፤ በተለይ ለእኛ። ወንድም ሲሰጥም ዳር ቆሞ ማየት ነውር ነው ብለን ነው ያደግነው። ግን አንዱን ሊያድን የገባው ሁለተኛ ሟች የሚሆንበት ብዙ ነው። ዱላችሁን ዘርጉለት፤ ሆዳችሁ ላይ ተኝታችሁ። ገመድ ወርውሩለት። ገመድ ከሌለ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ይሆናል፤ ባዶ ኩለርም ያነሳል። 911 ደውሉ። ቦታውን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ከፖቶማክ ጎን ባለው የካናል መንገድ ላይ የማይል ምልክቶች አሉ፤ ስታልፉ ቁጥሩን የማየት ልማድ ይኑራችሁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ ሊያገናኟችሁ ይችላሉ።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የወንዙን ከፍታ እዩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በየ15 ደቂቃው የሚመዘግበውን ልኬት በነፃ ስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። የፖቶማክ ውሃ ከዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ጭምር ነው የሚመጣው። እዚህ ፀሐይ ሆኖ፣ ትናንት እዚያ የጣለው ዝናብ ዛሬ እናንተ ጋ ሊደርስ ይችላል። መስመሩ ወደ ላይ እያቀና ካያችሁ የዚያን ቀን ቡና አፍሉ።

የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ጋንፓውደር ላይ ከጉልበት በታች በሆነ ቦታ አብረን እንለማመዳለን። ዱላ የሌለው አያስብ፤ ትርፍ አለኝ። ዌደር ያለው ቀበቶውን እንዳይረሳ። ልጅ የሚያመጣ ሰው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ (ኮስት ጋርድ) ማረጋገጫ ያለበትን፣ በልጁ ክብደት ልክ የሆነ ላይፍ ጃኬት ይዞ ይምጣ፤ ያለ እሱ ልጅ ወደ ውሃው አይጠጋም፣ የማንም ልጅ ቢሆን። ጃኬት መግዛት የሚከብደው ካለ ስትወጡ ለእኔ ለብቻዬ ይንገረኝ፤ ከቅዳሜ በፊት እንፈልግለታለን። አሁን ዱላዎቹ እዚያ ግድግዳው ጋ ተደግፈዋል። ኑ፣ ቁመታችሁን እንለካ።