ተሸንፎ ቤቱ የሚገባ ሰው

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከደሴ ነኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉሙ ወርዶ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም፤ የዶሮ ጩኸት ከሰማችሁ ከጎረቤት ነው፣ ይቅርታ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሰሞኑን በሄድኩበት ሁሉ አንድ ወሬ ይገጥመኛል። ከኮምቦልቻ ስመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ሆጤ ሰፈር ቡና ስጠጣ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። «ዲሞክራሲው ይቆየን። መጀመሪያ አገር ይረጋጋ። የሚያስፈልገን ጠንካራ መንግሥት ነው።» ይህን የሚሉትን ሰዎች አልፈርድባቸውም። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቹን አንጠልጥሎ በእግሩ የወጣ ሰው አለ። አንድ ጎረቤቴ ሲመለስ ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው እንኳን ተነቅሎ ነው የጠበቀው። «አብሽር» ብለነው ነበር፤ ሌላ ምን ይባላል? «ማን እንደሚገዛኝ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ማታ በሬን ዘግቼ መተኛቴ ነው» ይለኛል። ይህን ሰው ስለ ምርጫ ኮሮጆ ልስበክልህ ማለት ግፍ ነው።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ወሎ ጠንካራ መንግሥት አይታ የማታውቅ ይመስል ነው የምናወራው። አይታለች እንጂ! እስኪበቃት።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ40 ዓመት በላይ በዙፋን ላይ ቆይተዋል። ከዚህ በላይ ምን መረጋጋት አለ? በ1965 ወሎ ተራበ። ገበሬው ከነቤተሰቡ ዋናው መንገድ ዳር እየወጣ አውቶብስና መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ወስደው አሳዩ። መንግሥት ግን ሸፋፈነው። ዓለም የሰማው በ1966 ጥቅምት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸውን በቴሌቪዥን ሲያሳይ ነው። ስንት ሰው እንደሞተ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ዝቅተኛው ግምት ራሱ በአሥር ሺዎች ነው።

ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህንኑ የእኛን ረሃብ አጥንቶታል። ያገኘውን ሳነብ ደነገጥኩ። ያን ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። ሰብሉ ከስሞ፣ ከብቱ አልቆ፣ ገበሬው ያጣው መግዣውን ነው። ሴን ይህንንም የሌሎች አገሮችንም ካየ በኋላ፣ መሪውን የሚወቅስ ነጻ ጋዜጣና የምር ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ብሎ ተከራከረ። ህንድን ተመልከቱ። በ1935 ቤንጋል ላይ ሚሊዮኖች ያለቁት በቅኝ ገዢ ሥር ነው። ከነጻነቷ ወዲህ ስንት ድርቅ ቢመታት እንዲያ ያለ እልቂት አልደገማትም። ድህነቷም፣ ሁካታዋም፣ የጎሳና የሃይማኖት ግጭቷም ግን እንዳለ ነው።

እኛ ዘንድ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ነው። እና ለማን ይነገር? የማይነገረው መንግሥት በመጨረሻ የሰማው ሲወርድ ነው። ንጉሡ በ1967 መስከረም 2 ወረዱ፤ በዋዜማው ምሽት ያው የረሃብ ፊልም ከግብዣና ከድግስ ምስል ጋር ተቀላቅሎ በአገር ውስጥ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግስ? በ1977 መስከረም 10ኛ ዓመቱን ሲደግስ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነበር። ኮረም ያኔ ወሎ ውስጥ ናት። ኢሕአዴግ ደግሞ በ2007 ከአጋሮቹ ጋር 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ፤ አንድም ሳይቀር። በወራት ውስጥ ተቃውሞው ፈነዳ፣ በ2009 መስከረም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በ2010 የካቲት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን እለቃለሁ አሉ። መቶ በመቶ ያሸነፈ መንግሥት ሦስት ዓመት አልቆመም።

እሺ፣ ታዲያ ምርጫ ያረጋጋል? እዚህ ላይ ጎረቤቴ እውነት አለው። 1997ን ማን ይረሳል? ያን ያህል ክርክር፣ ያን ያህል ሰልፍ፣ ከዚያ ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሞቶ ስንቱ ታሰረ። ኬንያ በ2000 ታህሳስ መርጣ ከ1,000 በላይ ሰው ቀበረች። የግጭት ተመራማሪዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የለየለት አምባገነንና የጸና ዲሞክራሲ ካለበት ይልቅ መሀል መንገድ ላይ ያለ አገር ለእርስ በርስ ጦርነት ይቀርባል። እኛ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ቤት ሠርተናል።

ለምን? የእኔ መልስ ተረታችን ውስጥ አለ፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።» ሥልጣን ያጣ ሰው ደመወዙን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ቤቱን፣ መሬቱን፣ ዘመዶቹ የያዙትን ሥራ፣ አንዳንዴም ነጻነቱን ነው። እንዲህ ከሆነ ማን ይሸነፋል? እኔም ብሆን አልሸነፍም።

ሶማሊላንድን እዩ። በ1995 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቆጠር ልዩነቱ 80 ድምፅ ሆነ። ሰማንያ! ጠመንጃ በሞላበት አገር። ተሸናፊው ወገን ተቃወመ፣ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ሽማግሌ ገባ፣ በመጨረሻም ተቀበለ። ያው ተሸናፊ፣ አህመድ ሲላንዮ፣ በ2002 ተወዳድሮ አሸነፈ። ኬንያም ብትሆን ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ሕገ መንግሥቷን ለወጠች፤ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ያሸነፈበትን ምርጫ ሰረዘ።

ሐይቅ ከተማ አካባቢ አጎቴ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካሰው ነበር። ሁለት እርምጃ ለማትሞላ መሬት! ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ እስላምም ክርስቲያንም አለበት። ተነጋግረው ለአጎቴ ፈረዱ። ከዚያ አንዱ ሼህ በትራቸውን መሬት ላይ እየጫሩ፣ «በል አያ፣ መሬቱ ያንተ ነው። የዚህ ሰውዬ በሬ ግን አንድ ነው። ለመጪው እርሻ ትቀናጃላችሁ» አሉት። አጎቴ ፊቱ ሲጠቁር ትዝ ይለኛል። የረታ ሰው ነው የሚቀጣው ብሎ አጉረመረመ፤ ግን ተቀናጁ። ተሸናፊው በዚያ ዓመት ማሳው ጦም አላደረም።

ይህን ስል «ወሎ የፍቅር አገር» ብዬ ልዘፍን አይደለም፤ ያ ዘፈን ብዙ ነገር ይሸፍናል። በዚያ ዋርካ ሥር አንዲት ሴት አልተቀመጠችም። ሰዎቹም የሚተዋወቁ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ መቶ ሚሊዮን ሕዝብ በዋርካ አይዳኝም። ለዚያ ፍርድ ቤት፣ የማይፈራ ጋዜጠኛ፣ የሚታመን ምርጫ ቦርድ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ በአንድ ምርጫ አይበቅሉም።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልሰናበት። በምርጫ ተሸንፎ ወይም ከሥልጣን ወርዶ፣ ሳይታሰር ሳይሰደድ፣ እዚያው ባስተዳደረው ከተማ ሱቅ ከፍቶ ወይ እያስተማረ የሚኖር ሹም ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ ጠቁሙኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል እንግዳ አደርገዋለሁ። ቡናው ከእኔ። ደህና ሰንብቱ።