ጉልበቱንም ተስፋውንም ሰበረ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ክፍል ስለ ተረብ ነው። የሰፈሩን ተረብ አይደለም የማወራው፤ እሱ ተስቆበት ማታ ይረሳል። እኔ የምለው ታትሞ፣ ከፎቶ ሥር ተቀምጦ፣ ባለቤቱን እስከ መቃብር የሚሸኘውን ነው። የምረቃ መጽሔት ላይ የሚወጣውን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታባችሁ።

ቦታው ዌስት ፖይንት ነው፣ ከኒውዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ሀድሰን ወንዝ ዳር ያለው የአሜሪካ ጦር አካዳሚ። በጁን 1915 ዓ.ም. 164 ዕጩ መኮንኖች አስመረቀ። ከ164ቱ 59ኙ ጄኔራል ሆኑ። ሁለቱ ባለ አምስት ኮከብ፣ ሁለቱ ባለ አራት፣ ሰባቱ ባለ ሦስት፣ የቀሩት አርባ ስምንቱ እኩል ተካፍለው ባለ ሁለትና ባለ አንድ። ለዚህ ነው ‹ከዋክብት የወረዱበት ኮርስ› የሚባለው። የተለየ ጠበል ጠጥተው አይደለም፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ዕድሜያቸው ልክ ለጄኔራልነት የደረሰ ስለነበር ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ኮከቡ ሳይሆን መጽሔቱ ነው። ስሙ ‹ሃዊትዘር› ይባላል፣ የመድፍ ዓይነት ነው፤ ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ተመራቂ ፎቶው ይወጣል፣ ስሙ፣ ከየት እንደመጣ፣ የቅጽል ስሙ፣ የተሰለፈበት ስፖርት፣ ያገኘው ማዕረግ ይዘረዘራል። ከዚያ ነው ጉዱ። ራሱ ስለ ራሱ አይጽፍም። የኮርስ ጓደኛው ይጽፍለታል። ይጽፍበታል ብል ይሻላል።

ድዋይት አይዘንሃወርን እንውሰድ። የኋላው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ ያኔ ‹አይክ›። ከ164ቱ በትምህርት 61ኛ፣ በሥነ ሥርዓት ደግሞ 125ኛ። ስለ እሱ የተጻፈችው ተረብ አንድ ገጽ እንኳ አትሞላም፤ ግን ስትፈቱት እንደ ሰዓት ነው፣ እያንዳንዱ ጥርስ ሥራ አለው።

ስትጀምር ሰውየውን ሰማይ ታወጣዋለች። በአካዳሚው ካሉት ዕጩ መኮንኖች ሁሉ መልከ መልካሙ እሱ ነው፣ ለዚህም አስተማማኝ ምንጭ አለኝ ይላል፣ ትላለች። ምንጩ ማን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ጸሐፊው ‹ጉረኛ ነህ› አላለውም። ጉራውን በባለቤቱ አፍ አስቀምጦ ዘወር አለ። ተረብ ላይ ቅጽል ስትደረድር ነው የሚበላሸው፤ ሰውየው የሚለውን ነገር ብቻ ቀድተህ ብታስቀምጥ ሥራውን ራሱ ይሠራል።

ቀጥሎ ወደ ሆዱ ትወርዳለች። ቦርጭ አለው፣ ግን ሲገፋው ከእገሌ ይልቅ ያምርበታል ትላለች፣ እገሌን በሙሉ ስሙ ጠርታ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ማለት ይሄ ነው፤ አንዱን እየተረበች ሌላውን ሳያስበው ትነካለች፣ መጽሔቱን የገዛ ሁሉ ደግሞ የእገሌን ፎቶ ፍለጋ ገጽ ይገልጣል። ከዚያ እንቅልፉ ይመጣል። አይክ የቤት ውስጥ ስፖርቶችን ንጉሥ ይወዳል፣ በእንቅልፍ አምላክ ደጃፍ ጮክ ብሎ ይሳለማል ትላለች። ‹ያንኮራፋል› የሚለው ቃል የትም የለም። ማንኮራፋቱን ግን ይሰማችኋል።

አሁን እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው ይመጣል። ልጁ ገና ቀጭን ሳለ ሕይወትን፣ እንቅስቃሴንና ለውጥን ተጠምቶ ነበር ትላለች። ለውጥ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው ዝርዝር ሳንቲም ማለትም ነው። ሦስት ሳምንት የአዲስ ገቢዎቹን ሥልጠና ሲቀምስ ሕይወቱና እንቅስቃሴው በቃው። ለውጡ ደግሞ፣ ማለትም ሳንቲሙ፣ ዕጩ መኮንኖቹ በሚገበያዩበት ሱቅ ተቆልፎበት ነበር። ይሄ ዝም ብሎ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዕጩ መኮንን ደመወዙ በሂሳብ መዝገብ ይያዝለታል እንጂ በእጁ አይሰጠውም ነበር። አራት ዓመት ኪስ ባዶ። ስለዚህ ሰሙ ‹ለውጥ ፈለገ› ነው፣ ወርቁ ‹ሳንቲም አጣን›፣ ወርቁ ደግሞ የ164ቱም ወርቅ ነው። ሰም ያለ ወርቅ ሲሆን ተረቡ ቃል መገጣጠም ብቻ ይሆናል፤ በግጥም ምሽት ላይ የምንሰማው አብዛኛው እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ። በኖቬምበር 1912 አይክ ተስፋ የተጣለበት የኳስ ተጫዋች ነበር፣ የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ። አንድ ሳምንት የዘመኑ ዝነኛ ስፖርተኛ ጂም ቶርፕ ከሚጫወትበት ከካርላይል ትምህርት ቤት ቡድን ጋር ገጥመው 27 ለ 6 ተሸነፉ፤ በሳምንቱ ከተፍትስ ኮሌጅ ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ በፈረስ ልምምድ ላይ ሲዘል ጨርሶ ተበላሸ። መጽሔቱ ይሄን ሁሉ በአንድ ግሥ ዘጋው፤ የተፍትስ ጨዋታ ጉልበቱንም ተስፋውንም ሰበረ። በአማርኛ ምንም ሳይጎድል መግባቱ ይደንቃል፣ ጉልበትም ይሰበራል ተስፋም ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ለአይክ የቀረው ሻይ፣ የልጆች የጠረጴዛ ጨዋታና ወሬ ነው፣ በሦስቱም ተወዳዳሪ የለውም ብላ ትሄዳለች።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ያ ጉልበት ያኔ ቀልድ አልነበረም። ሊመረቅ ሲል የአካዳሚው ሐኪም በዚሁ ጉልበት ምክንያት የመኮንንነት ሹመት ላይሰጠው እንደሚችል ነግሮታል። ታዲያ እንዴት ተደፈረ? ልኩን ስላወቁ ነው። ስለ መልኩ፣ ስለ ሆዱ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ማለትም እሱ ራሱ በሚስቅባቸው ነገሮች ላይ ተንደላቀቁ። የሚያመው ላይ ሲደርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ግሥ፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ሻዩ። ቁስልን ጨርሶ ዘለው ቢሄዱ ጽሑፉ ሰውየውን አያውቀውም ነበር፤ ቢቆዩበት ደግሞ ሽሙጥ ይሆን ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ሦስት አራት ለሚስቅበት፣ አንድ ለሚያመው፣ እሷም አጭር፣ ከመካከል እንጂ ከመጨረሻ አትግባ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው ሰው ይዞት የሚሄደው።

ይህቺው ጽሑፍ የከሸፈችበት ቦታም አለ፣ መታየት ያለበት እሱ ነው። መግቢያዋ ላይ ‹አስፈሪው ስዊድናዊ አይሁዳዊ› ትለዋለች። ሰውየው ስዊድናዊም አይሁዳዊም አይደለም፤ የዘር ሐረጉ ከጀርመን ነው። ለኮርሱ ልጆች የግቢ ቀልድ ነበረች። ከግቢ ስትወጣ ግን የአይሁድ ጥላቻ ያለባቸው ሰዎች እንደ ‹ማስረጃ› ይዘዋት ዞሩ። የሆዱ ቀልድ ከመቶ ዓመት በኋላም ያስቃል፣ የጉልበቱም። የዘሯ ግን ያኔም በሰውየው ላይ የቆመች አልነበረችም። የሰውየውን ምንም ነገር አታሳይም፣ የሚያውቀውን ሰውም እሱን አታስታውሰውም። የሰው ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም የወላጅ ድህነት ላይ የተሠራ ተረብ ስታገኙ ሰርዙት፤ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ሥራው ስንፍና ስለሆነ ነው።

ኦማር ብራድሊ ደግሞ እዚያው ኮርስ ነው፣ ከአይክ ጋር በአንድ ሻምበል፣ በ‹ኤፍ›። በትምህርት 44ኛ። ስለ እሱ የጻፈው ራሱ አይዘንሃወር ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። ብራድሊ ዝምተኛ፣ የሚያደርገውን ሳያወራ የሚደርስ ሰው ነበር፤ ዝምተኛን በጩኸት መተረብ አይሆንም። ስለዚህ አይክ የዋና ጠባዩ ስም ‹መድረስ› ነው አለ፣ በዚሁ ከቀጠለ አንድ ቀን ለልጅ ልጆቻችን ‹ጄኔራል ብራድሊ እኮ የኮርስ ጓደኛዬ ነው› ብለን እንጎርራለን ሲል ዘጋው። ተረቡ ብራድሊ ላይ አይደለም፣ በራሳቸው ላይ ነው፤ ወደፊት የሚጎርሩት ሽማግሌዎች እነሱ ናቸው። ብራድሊ በ1950 አምስተኛ ኮከቡን ደረበ። ትንቢት ማለት እንዲህ ነው እንዳትሉ፣ ሌላውን ስሙ።

በ1909 አይክ ካንሳስ ውስጥ አቢሊን ከሚባለው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ የትምህርት ቤቱ መጽሔት ወንድሙ ኤድጋር ሁለት ጊዜ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይሆናል፣ ድዋይት ደግሞ የዬል ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ይሆናል ብሎ ተንብዮ ነበር። ኤድጋር ጠበቃ ሆነ። ሁለት ጊዜ ፕሬዚዳንት የሆነው ታሪክ አስተማሪ የተባለው ነው። ቤቱን አገኘ፣ በሩን ሳተ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ጄምስ ቫን ፍሊት ነው፣ ያው የ1915 ልጅ፣ በ1914 ሳይሸነፍ ዓመቱን የጨረሰው የአካዳሚው የኳስ ቡድን ተጫዋች። ማዕረጉ ለዓመታት አላራመደውም፤ ከበላዮቹ አንዱ በስም ከሚመሳሰለው ጠጪ መኮንን ጋር አምታታው ይባላል። በ1944 ኖርማንዲ ሲያርፍ እንኳ ገና ኮሎኔል ነበር። በኤፕሪል 1951 ግን ኮሪያ ውስጥ የ8ኛው ጦር አዛዥ ሆኖ ደረሰ። በሜይ ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ገባ፣ በ7ኛው ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ። የእኛ ልጆች የበላይ አዛዥ ማለት ነው፣ በዚያ መጽሔት ላይ የተተረበው ሰው።

አሁን ወደ እኛ መጽሔት ልምጣ። የጂሲ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች፣ መጽሔት ስትገልጡ ጋውን የለበሰ ፎቶ፣ ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ከዚያ ላስት ወርድ። ላስት ወርዱን ተመራቂው ራሱ ነው የሚጽፈው፣ ችግሩም እዚያ ነው። ማንም ራሱን አይተርብም፤ ሁሉም ለእግዚአብሔርና ለወላጆቹ ምስጋና ያቀርባል፣ የከረረው አንድ ጥቅስ ይጨምራል። ተገቢ ነው፣ እናት ያያታል። ግን 300 ሰው ሲመረቅ 300 ጊዜ አንድ ገጽ ታነባላችሁ። ቀለሜው ከቸካዩ፣ ቸካዩ ከጨባሹ አይለይም።

ስለዚህ ኮሚቴ ውስጥ ካላችሁ ላስት ወርዱን አትንኩት፣ ከሥሩ ግን ሦስት አራት መስመር ለዶርም ጓደኛ ስጡ። ‹ስለ ባሕርዩ ጻፍ› ካላችሁት ‹ተጫዋች፣ ቅን፣ ጎበዝ› ብሎ ይመልስላችኋል። ይልቅ ጥያቄ ስጡት፦ ምን ብሎ ነው ሁሌ የሚምለው? ምን ተበድሮ አልመለሰም? ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? የትኛው ኮርስ ነው የጣለው፣ አሁን ይስቅበታል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ወሳኝ ናት፤ ካልሳቀበት አንድ ግሥ፣ ከሳቀበት ሁለት መስመር። ከዚያ ረቂቁን ለባለቤቱ ሳይሆን ለሌላ ሦስተኛ ጓደኛ አንብቡለት። ስሙን ደብቃችሁ አንብቡ። ‹ይሄ እኮ እገሌ ነው› ካለ ጽሑፉ ደርሷል። ‹ማነው?› ካለ እንደገና ጻፉ። ‹ኧረ ይሄን አታውጡ› ካለ አውጡት፣ ማለቴ ሰርዙት፤ እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ይተርበናል።

ባለቤቱ ደግሞ ከማተሚያ ቤት በፊት አንድ ጊዜ ይየው፣ የመሰረዝ መብት ይኑረው፣ የመጨመር ግን አይኑረው። መጨመር ከፈቀዳችሁ ተመልሶ ምስጋና ይሆናል።

ፎቶዎቹንም በስም አትሰይሙ። አንድ ኮርስ ውስጥ ስንት ሀና፣ ስንት ዮሐንስ እንዳለ ቁጠሩት። በመታወቂያ ቁጥር ሰይሙ፣ ጽሑፉንም በዚያው ቁጥር፣ ማተሚያ ቤቱ የላከውን ናሙና ሁለት ሰው ይዞ አንዱ ቁጥር ይጥራ አንዱ ፊት ይይ። የሀና ማንኮራፋት ከሌላዋ ሀና ሥር ከታተመ ማንም አይስቅም።